በዋሻ ውስጥ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ክረምቱ አልፎ የመስቀል በዓል ከተከበረ በኋላ፥ የጎጃም ደጋ በአደይ አበባ ሲሸፈን፥ ብዙ ቤተሰብ ዳቦውንና ቆሎውን ቋጥሮ፥ ሕፃናቱን አስከትሎ፥ ወደ ገዳማትና ወደ ገደል አፋፍ መውጣት ልማዱ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ሰው፥ በላይ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፥ ከዚያ በታች የኖራውን ድንጋይ፥ ከሥር ደግሞ የአሸዋውን ድንጋይ በየተራ ተነባብረው ያያል። ውኃና ዘመን ለስላሳውን እየሸረሸሩ፥ ጠንካራውን እንደ ጣራ እየተዉ፥ በየገደሉ ዋሻ አበጅተዋል። ከእነዚህም አንዳንዱ የእረኛ መጠለያ፥ አንዳንዱ የባሕታዊ በዓት፥ አንዳንዱም በጠላት ወረራ ዘመን የአርበኛና የቤተሰቡ መሸሸጊያ ሆኖ ኖሯል።

ዛሬ በእንዲህ ያለው ጉዞ ከስንቁ ጋር የእጅ ስልክ የማይዝ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በስልኩ ውስጥ ካሜራ አለና፥ ዋሻው እንደ ተደረሰ ወጣቶቹ ፎቶግራፍ ለማንሣት ይሽቀዳደማሉ። ማታ ወደ ቤት ተመልሰው ሲያዩት ግን ያመጡት ከሁለት ዓይነት አይወጣም። አንደኛው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሆኖ ምንነቱ የማይለይ ነው። ሁለተኛው ፊታቸው እንደ ዱቄት የነጣ ሰዎች በጥቁር መጋረጃ ፊት የቆሙበት ነው፤ ሰዎቹ አሉ፥ ዋሻው ግን የለም። ጉልበታቸው ደክሞ ከቤት የቀሩት አያት መነጽራቸውን አድርገው፥ «ቤተ ክርስቲያኑ የቱ ጋ ነው?» ብለው ቢጠይቁ የሚመልስላቸው አይገኝም።

ይህ ነገር ቀላል መስሎ እንዳይታይ እንፈልጋለን። በየቤቱ ለመሳለም ተስለው ዕድሜ ወይም ሕመም ያስቀራቸው አሉ። ከነሐሴ ወር 2015 ዓ. ም. ወዲህም በክልላችን በደረሰው የጸጥታ መታወክ ምክንያት ብዙ ሰው ያሰበውን ጉዞ ትቶ ቤቱ ተቀምጧል። ለእነዚህ ሰዎች ከጉዞው የሚደርሳቸው ጠበሉ፥ እምነቱና ሥዕሉ ነው። ሥዕሉም የዋሻውን እውነተኛ መልክ ሳይዝ ከመጣ፥ ሄዶ የመጣው ሰው በአፉ ከሚነግራቸው አይበልጥም።

ዋሻ ለክርስቲያን ቤተሰብ እንግዳ ስፍራ አይደለም። አብርሃም ለሚስቱ ለሣራ መቃብር ይሆን ዘንድ በዋጋ የገዛው በኬብሮን አጠገብ የነበረ ዋሻ ነው። ዳዊት ከሳኦል ፊት በሸሸ ጊዜ በዓዶላም ዋሻ ተጠግቷል። ኤልያስ በኮሬብ ነፋሱና የምድሩ መናወጥ እሳቱም ካለፈ በኋላ ያንን ዝግ ያለ ድምፅ በሰማ ጊዜ ወጥቶ በዋሻው ደጃፍ ቆሟል። በአገራችንም አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተጋደሉበት ዋሻ በደብረ ሊባኖስ እስከ ዛሬ ይሳለሙታል። እንግዲህ ወደ እንዲህ ያለው ቦታ ካሜራ ይዞ የሚገባ ሰው፥ ጨለማው ጉድለት ሆኖበት ሊያባርረው የሚገባ ነገር አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ጨለማው የቦታው መልክ ነው።

ካሜራ ራሱ የዋሻ ዘመድ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ክፍል ማለት ነው፤ የጥንቶቹ ሊቃውንት ዕቃውን «ጨለማ ክፍል» ይሉት ነበር። በሣር ክዳን ጎጆ ያደገ ሰው ሁሉ በክዳኑ ሽንቁር የገባው የፀሐይ ብርሃን በወለሉ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ሲያርፍ አይቷል። ያ ክብነት የሽንቁሩ ቅርጽ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክብ የፀሐይ መልክ ነው። ፀሐይ በጨረቃ በከፊል በምትጋረድበት ጊዜ እነዚያ ክቦች ሁሉ እንደ ማጭድ ይጎብጣሉና። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ. ም. ፀሐይ በላስታ ላሊበላ እንደ ቀለበት ሆና በታየችበት ጠዋት፥ ወደ ሰማይ ከማንጋጠጥ ይልቅ ወደ ዛፍ ጥላ የተመለከተ ሰው ይህንኑ ለማየት በቅቷል። ለተማሪዎቻችንም የክፍሉን መስኮት በጥቁር ጨርቅ ጋርደን በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብርሃን ባስገባን ጊዜ፥ በውጭ የቆመው ባሕር ዛፍ በግድግዳው ላይ ተዘቅዝቆ ታይቷቸዋል። ካሜራም ከዚህ ሌላ ነገር የለውም፤ ጨለማ ክፍል፥ አንድ ቀዳዳ፥ በቀዳዳው ላይ መስታወት፥ ከበስተኋላውም መልኩን የሚቀበል ገጽ ነው።

የሚያስፈልገው ብርሃን ብቻ ነው። የብርሃን መጠን ሉክስ በሚባል መለኪያ ይለካል። በእኩለ ቀን ፀሐይ ሜዳ ላይ የሚያርፈው 100,000 ሉክስ ያህል ሲሆን፥ አንድ ሻማ በአንድ ሜትር ርቀት የሚሰጠው 1 ሉክስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከደጅ ወደ ዋሻ ውስጥ የገባ ሰው በጥቂት እርምጃ የሺህና የዐሥር ሺህ እጥፍ ልዩነት ያቋርጣል። እግዚአብሔር የፈጠረው ዓይናችን ለዚህ ተዘጋጅቷል፤ ሆኖም ጨለማውን ፈጽሞ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ካሜራው ግን አይለምድም። እርሱ የሚችለው ወይም ቀዳዳውን ማስፋት፥ ወይም የሚቀበለውን ገጽ ስሜት ማብዛት፥ ወይም ቀዳዳውን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ብርሃኑን ማጠራቀም ነው። የስልክ ቀዳዳ እንደ ተሠራ ይኖራል፤ ስሜቱ ከመጠን በላይ ሲበዛ ሥዕሉ የጤፍ ፍሬ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ የሚቀረውም ጊዜ ነው። ጊዜ መስጠት ማለት ደግሞ አለመነቃነቅ ነው።

የቀደሙት ሰዎች ይህን በብዙ ድካም ነው የተማሩት። በፈረንሳይ አገር ናዳር የተባለው ስመ ጥሩ ፎቶግራፍ አንሺ እ. ኤ. አ. በ1861 በፓሪስ ከተማ ሥር በሚገኘው የአፅም ማኖሪያ ዋሻ ውስጥ በኤሌክትሪክ መብራት ሲያነሣ፥ አንዱ ሥዕል እስከ 18 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ይህን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቅ የሚቆም ሠራተኛ ስላልተገኘ፥ በሰው ፋንታ ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶችን አቁሞ አነሣ። ከእርሱ በኋላ በ1865 አልፍሬድ ብራዘርስ በእንግሊዝ አገር፥ በ1866 ደግሞ ቻርልስ ዋልዳክ በአሜሪካ፥ ማግኒዚየም የተባለውን ብረት እያነደዱ ዋሻ አንሥተዋል። በ1887 ሁለት ጀርመኖች፥ ሚተና ጌዲከ፥ የብልጭታውን ዱቄት ሠሩ። ዱቄቱ ሲነድ ክፍሉን በጢስ ይሞላው ነበር፤ እጅና ቅንድብ ያቃጠለባቸውም ብዙዎች ናቸው። ዛሬ በስልካችን ጀርባ ያለው ትንሽ መብራት የዚያ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው።

ይህ የልጅ ልጅ ግን ጉልበት የለውም። ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር የሚደክመው በእጥፍ እጥፍ ነው፤ ሁለት ሜትር የቆመ ሰው አንድ ሜትር ከቆመው ሩቡን፥ ሦስት ሜትር የቆመ ዘጠነኛውን ያገኛል። ስለዚህ ብልጭታው የቀረበውን ሰው ፊት ያነጣል፥ ከበስተኋላ ያለውን ግድግዳ ግን አይደርስበትም። ካሜራውም በነጣው ፊት ተታልሎ ብርሃን በዝቷል ብሎ ቀዳዳውን ይዘጋል። ዋሻው የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን በተግባር ለመግለጥ፥ በጥር ወር 2012 ዓ. ም. ከቤተሰባችን ጋር ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ያደረግነውን ጉዞ እናነሣለን። ከደብረ ማርቆስ በባሕር ዳርና በደብረ ታቦር አድርጎ፥ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ከላሊበላ ወዲያ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ የጥዱን ጫካ ወጥተው ሲያበቁ፥ ትልቅ ዋሻ አፉን ከፍቶ ይታያል። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው በዚያ ዋሻ ሆድ ውስጥ ነው። እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈለ ሳይሆን በአክሱም ዘመን ስልት አንድ ረድፍ እንጨት፥ አንድ ረድፍ በነጭ ኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተገነባ ነው። የሠራውም ከዛጔ ነገሥታት አንዱ፥ ክህነትን ከንግሥና ጋር አስተባብሮ የያዘው ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ መሆኑን ታሪኩ ይናገራል። በውስጡ ያሉት የግድግዳ ሥዕሎች በአገራችን እስከ ዛሬ ከተረፉት እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ወገን ናቸው። መስኮቶቹ ጠባብ፥ በእንጨትና በድንጋይ መስቀል የተሸፈኑ ስለ ሆኑ፥ ቀትር ላይ እንኳ በቅኔ ማሕሌቱ ያለው ብርሃን እንደ ምሽት ነው።

ታናሹ ልጃችን ገና እንደ ገባን ስልኩን አውጥቶ በብልጭታ አነሣ። ሥዕሉ ላይ በሰዎቹ ራስ ዙሪያ ነጫጭ ክብ ነገሮች ተንሳፈው ታዩ። እኅታችን ይህን ባየች ጊዜ እልል ብላ፥ «መላእክት ናቸው! እዩ፥ መላእክት ናቸው!» አለች። አጠገባችን የነበሩት ሌሎች ተሳላሚዎችም ለማየት ተሰበሰቡ። በደጁ የተቀመጡት ሽማግሌ ካህን ነገሩን ሰምተው ልጁን ጠሩት።

«አምጣው እስኪ ልጄ፥ ልየው።»

«ይኸውልዎ አባ።»

አጥብቀው ተመለከቱና፥ «አሁን ሣሩን ረግጣችሁ በብዛት ገብታችኋል። እስኪ ሁላችሁም ባላችሁበት ተቀመጡ። ዳዊት አንድ ንጉሥ ያህል እንድገም፤ ከዚያ እንደገና አንሣው» አሉት።

ዳዊቱ ተደገመ። ልጁም ከዚያው ቦታ በዚያው ብልጭታ እንደገና አነሣ። ነጫጮቹ ክቦች አልነበሩም።

«አየህ? ትቢያው ወረደ» አሉት። «እንግዲህ ብልጭታውንም ተወው፤ እዚያ ጥግ የሚጸልዩ አሉ።»

እኚህ አባት የብርሃንን ትምህርት በትምህርት ቤት የተማሩ አይመስለንም፤ ነገር ግን በፈተናቸው ከብዙ መምህር በልጠዋል። ነጩ ክብ የሚሆነው እንዲህ ነው። የስልኩ መብራት ከመስታወቱ ጎን ስለሚገኝ፥ በመስታወቱ ፊት የሚበር የትቢያ ቅንጣት ወይም የጉም ጠብታ ብልጭታውን በቀጥታ ይመልሰዋል። ቅንጣቱ እጅግ ቅርብ በመሆኑ ጥርት ብሎ አይታይም፤ ብርሃኑ ተበትኖ ክብ ሆኖ ይታያል። ዋሻ ትቢያና ርጥበት የበዛበት ነውና ይህ ነገር ይዘወተራል። ይህን የመሰለ ሥዕል ይዘው «ተአምር ታየ» እያሉ ከስልክ ወደ ስልክ የሚያስተላልፉ ሰዎች ስላሉ ወላጆች ለልጆቻቸው አስቀድመው ቢያስረዱ ይጠቅማል። ቤተ ክርስቲያናችን የተአምር ድሃ አይደለችምና ትቢያውን ብንተወው የሚጎድልባት የለም።

ከዚህ በኋላ ያደረግነው ይህ ነው። ከቤት ስንወጣ አንድ እጅ የሚሞላ የአተር ከረጢት ሰፍተን ይዘን ነበር። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ያለው ሰው እርሱን ይጠቀም፤ በተሳላሚ መካከል ግን እግሩ ሰው ያደናቅፋል፥ አገልጋዮቹም ብዙ ጊዜ አይወዱትም። ከረጢቱን ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፥ በዋሻው ውስጥ ባለ ዝቅተኛ የድንጋይ ግንብ ላይ አኖርነው፤ ስልኩን በላዩ አጋደምነው። አተሩ የስልኩን ቅርጽ ይዞ ስለሚተኛ እንደ ሕፃን አቅፎ ይይዘዋል። ብልጭታውን አጠፋን፤ የሌሊት የሚለውን ስልት መረጥን። ይህ ስልት ካሜራው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ብዙ ሥዕል አንሥቶ እንዲደራርባቸው ያደርጋል። ጣት ሲነካው ስልኩ እንዳይንቀጠቀጥ፥ ከተነካ 3 ሰከንድ በኋላ እንዲያነሣ ሰዓት ቆጣሪውን ሞላን።

ልጆቹንም ወደ ዋሻው አፍ ቀረብ አድርገን፥ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ ጎን አዙረን አቆምናቸው። ብርሃን ከፊት ለፊት ሲመጣ መልክን ይደመስሳል፤ ከጎን ሲመጣ ግን የጉንጩን እብጠት፥ የድንጋዩን ሸካራነት፥ የነጠላውን እጥፋት ሁሉ ያወጣል። የዋሻውን አፍ ፊት ለፊት አስገብቶ ማንሣት አይገባም፤ ካሜራው በዚያ ንጣት ተመርቶ ሌላውን ሁሉ ያጠቁረዋል። የግድ ማስገባት ካስፈለገም በስልኩ ገጽ ላይ ጣትን በሰው ፊት ላይ ማሳረፍ ነው፤ ካሜራው ልኩን ከዚያ ይወስዳል። ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ለልጆቹ፥ «አሁን ትንፋሽ ዋጥ!» ብለን ነካነው። አምስት ሰከንድ ያህል ማንም አልተነቃነቀም። በዚያች አምስት ሰከንድ፥ በጎብኚና በተሳላሚ ጫጫታ ያልተሰማን የውኃ ጠብታ ድምፅ ከዋሻው ጣራ ሲወርድ ሰማን።

የመጣው ሥዕል ብሩህ አይደለም። ነጩ ኖራና ጥቁሩ እንጨት እየተፈራረቀ ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል፤ ከበስተኋላ ያለው የዋሻው ጥግ ግን ጨለማ እንደ ሆነ ቀርቷል። የልጆቹ ግማሽ ፊት ብርሃን፥ ግማሹ ጥላ ነው። ታላቅ ልጃችን ስልኩ ውስጥ ባለው ማስተካከያ ጨለማውን ሊያነጣው ፈልጎ ነበር፤ ከለከልነው። እናታችን የእግራቸው ሕመም ጸንቶባቸው በደብረ ማርቆስ ቀርተው ነበርና፥ ሥዕሉን በወረቀት አሳትመን በሰጠናቸው ጊዜ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ብዙ ሰዓት ተመለከቱት። «ይኸው ደጁ» አሉ፤ ከዚያም ደጁ በታየበት ቦታ በግንባራቸው ነክተው ተሳለሙት። ለመሄድ የተሳሉት ከ30 ዓመት በፊት ነው።

እዚህ ላይ ፈጽሞ መነሣት ስለሌለበት ነገር እንናገር። ቅድስቱንና መቅደሱን የሚመለከተው ሥርዓት በየቤቱ የታወቀ ስለ ሆነ አንደግመውም። በይምርሐነ ክርስቶስ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ፥ በዋሻው ጥልቅ ስፍራ፥ የብዙ ሰዎች አፅምና ያልፈረሰ ሥጋ ይገኛል። ከሩቅ አገር ለመሳለም መጥተው በዚያ ያረፉ ምእመናን መሆናቸው ይነገራል። ብዙ ጎብኚ ሥዕላቸውን አንሥቶ ሄዷል። ልጆቻችን ሊያነሡ በጠየቁን ጊዜ ያልነው፥ «አያታችሁ እንዲህ ተኝተው ሳሉ የማታውቁት ሰው መጥቶ ቢያነሣቸው ደስ ይላችኋል ወይ?» የሚል ነበር። ስልካቸውን ኪሳቸው አገቡ።

አንባቢ፥ «እንግዲያው አፅም ሁሉ አይነሣ ማለት ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቀን መልሳችን አይደለም ነው። በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ አገር፥ ዘረት በተባለው ስፍራ አመጸኛ ዋሻ የሚባል አለ። ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ቀን 1931 ዓ. ም. የኢጣልያ ጦር በዚህ ዋሻ ተጠልለው የነበሩትን አርበኞች ከሴቶቻቸው፥ ከልጆቻቸውና ከሽማግሎቻቸው ጋር ከበበ። የመርዝ ጋዝ ወደ ዋሻው አስገባ፤ እጃቸውን ሰጥተው የወጡትን ብዙ መቶ ሰዎች ረሸነ። የዘመን አቆጣጠር ያወቀ ሰው ባሕረ ሐሳቡን ቢያሰላ፥ ያ ሚያዝያ 1 ቀን የትንሣኤ በዓል የዋለበት እሑድ መሆኑን ያገኛል። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣልያዊ የታሪክ ተመራማሪ በአገሩ የጦር መዝገብ ውስጥ የነበረውን ጽሑፍ ተከትሎ እ. ኤ. አ. በ2006 ወደ ዋሻው ገባ፤ ከእርሱም በኋላ የቅርስ አጥኚዎች ገብተው በዚያ የቀረውን አፅም፥ የእህል ማኖሪያውን፥ የተሰበረውን የቤት ዕቃ አንሥተው መዝግበዋል። ይህ ፎቶግራፍ የምስክር ቃል ነው፤ ያለ እርሱ የሆነው ነገር አልሆነም ሊባል በቻለ ነበር። ልዩነቱ በአንሺው አሳብ ላይ ነው። ስለ ሟቹ ለመመስከር የሚያነሣ አለ፤ ራሱን ከሟቹ አጠገብ አቁሞ «እኔ እዚህ ደረስሁ» ለማለት የሚያነሣ አለ። የኋለኛውን በቤታችን አንፈቅድም።

ስለ ግድግዳ ሥዕሎችም አንዳንድ ሰው «ብልጭታ ቀለሙን ያጠፋል» ሲል ይሰማል። አንዲት የስልክ ብልጭታ የምታደርሰው ጉዳት እጅግ ትንሽ ነው። ይልቁንም የሚጎዳው የብዙ ሰው ትንፋሽ፥ ርጥበት፥ ሙቀትና ጢስ ነው። በፈረንሳይ አገር ላስኮ የተባለው፥ የጥንት ሰዎች በሬና ፈረስ የሣሉበት ዋሻ እ. ኤ. አ. በ1940 ተገኝቶ በ1948 ለጎብኚ ተከፈተ። በ15 ዓመት ውስጥ ከጎብኚዎች ትንፋሽና ከመብራቱ የተነሣ በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ዋቅላሚ በቀለበትና በ1963 ተዘጋ። እንግዲህ በጥንታዊ ሥዕል አጠገብ ጧፍ ከፍ አድርጎ ይዞ «ብርሃን ልስጥህ» የሚለውን ደግ ሰው ማመስገንና ጧፉን ዝቅ እንዲያደርግ መለመን ይሻላል። ብልጭታውን የምንተወውም ከቀለሙ ይልቅ ስለሚጸልየው ሰው ዓይን ብለን ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ባለ ሰፊ ዋሻ ውስጥ ግን የእጅ ባትሪ መጠቀም የሚከለክለው የለም። በባሌ የሚገኘው፥ ወንድሞቻችን እስላሞች በክብር የሚጠብቁት የሶፍ ዑመር ዋሻ የወይብ ወንዝ ሰንጥቆት የሚያልፍ ሲሆን፥ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እንዲህ ባለው ስፍራ የውጭው ብርሃን ጥቂት እርምጃ ብቻ ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ ስልኩን በከረጢቱ ላይ አጋድሞ፥ ባትሪውን ከዓለት ጀርባ ሸሽጎ፥ በግድግዳው ላይ በዝግታ እየመሩ ማብራት ነው። ሥዕሉ እስኪፈጸም ብርሃኑ አንድ ቦታ መቆም የለበትም፤ ቤት እንደሚለስን ሰው እጅ ወዲያና ወዲህ ይሂድ። አንድ ሰው በመካከል ቢቆም የዋሻው ትልቅነት ይታወቃል፤ ያለ ሰው ግን ዋሻው ይነሥ ይተልቅ መለየት አይቻልም።

ለቤተሰብ ደኅንነት ሁለት ነገር እንጨምር። የሌሊት ወፍ በብዛት በሚኖርበት፥ ወለሉ በኩሳቸው በተሸፈነ ጥልቅ ዋሻ ውስጥ ሕፃናትን ማስገባት አይገባም። ትቢያው በሳምባ ላይ በሽታ ያመጣል። በዩጋንዳ ፓይዘን ዋሻ በተባለው ስፍራ የሌሊት ወፍ ለማየት የገባች የሆላንድ አገር ሴት እ. ኤ. አ. በ2008 በማርበርግ በሽታ ታማ ሞታለች። ሁለተኛው እግር ነው፤ ዓይኑን በስልኩ ገጽ ላይ ተክሎ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ገደል አያይም። የሚያነሣው ሰው ይቁም፥ የሚነሡት ይጠጉ። የጭጋጉ ነገር ግን አያስፈራም። ከጮቄ ብርድ ወጥቶ ሞቅ ያለ ርጥብ ዋሻ የገባ ስልክ መስታወቱ ላብ ያወጣል፤ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ ዐሥር ደቂቃ መታገሥ ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ በጉዞው ዕለት ከመማር በቤት መልመድ ይሻላል። ዋሻ በሌለበት ጓዳ አለ። ከሰዓት በኋላ በሩን ገርበብ አድርጎ፥ እንስራውንና ሌማቱን በጥግ አስቀምጦ፥ ልጆቹ በከረጢት ላይ ባጋደሙት ስልክ ያለ ብልጭታ ያንሡት። በአንድ ሳምንት ውስጥ እጃቸው ይረጋጋል፤ የእንስራው ሆድ ከጎን ብርሃን ሲያገኝ እንዴት እንደሚከብም ያያሉ።

ተነሥቶ የመጣውን ሥዕል ሁሉ ማኖርም አያስፈልግም። ከመቶው ሦስቱን ወይም አራቱን መርጦ በወረቀት ማሳተም፥ የቀረውን መሰረዝ ነው። ስልክ ይጠፋል፥ ይሰበራል፥ በሌላ ይለወጣል። በታተመው ወረቀት ጀርባ ላይ፥ ቀለሙ ወደ ፊት እንዳይዘልቅ በእርሳስ ላላ ተደርጎ፥ የቦታው ስም፥ ዕለቱና ዓመተ ምሕረቱ፥ በሥዕሉ ያሉት ሰዎችም ከነክርስትና ስማቸው ከቀኝ ወደ ግራ በተራ ይጻፍ።